ፓርላማ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ካወጣ ዳኛ ምን ማድረግ ይችላል?

ሄለን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር የአቶ ስዬ አብርሃ የዋስትና ጉዳይ ተነሳ። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ አዘዘች። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ከዚያ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም የሚል አዋጅ አወጣ። ዳኞቹ «ይህ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል» ብለው ሊተዉት አይችሉም ነበር?

የልደታው ጠበቃ፦
አሠራሩ አይፈቅድላቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 የመተርጎም ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ሐሳብ ያቀርብለታል። ሰብሳቢውም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው፣ ማለትም የፖለቲከኞች።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንቀጽ 19(6)ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሕግ ልዩ ሁኔታዎችን ይደነግጋል፤ ዋስትናውን የሚከለክለው ግን ፍርድ ቤት ነው። አንቺ ያነሳሽው አዋጅ፣ ቁጥር 239፣ ይህን ከዳኛው እጅ ነጠቀ። ዋናው የፀረ ሙስና ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 236 የወጣው እኮ በዚያው ዓመት ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አሻሻሉት!

ታዛቢ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሕዝብ ገንዘብ የበላ ሰው በዋስ ወጥቶ ማስረጃ ቢያጠፋስ? ሕዝቡም በሙስና ተማሮ ነበር።

የልደታው ጠበቃ፦
ስጋትህ ትክክል ነው። ግን ለዚህ የሚሆን ሕግ ቀድሞም ነበረ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ግዴታውን አያከብርም ወይም ማስረጃ ያጠፋል ብሎ ያመነ ዳኛ ዋስትና እንዲከለክል ያዛል። ዐቃቤ ሕግ ይከራከር፣ ዳኛው ይመዝን። ውሳኔው አልጥም ሲል ሕጉን መቀየር ግን ነገ ሌላ መዝገብ የሚይዘውን ዳኛ ሁሉ ያስፈራል። በ1997 አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን አለዘበው፤ ከ10 ዓመት በላይ ለሚያስቀጣ ክስ ብቻ ሆነ። አቶ ስዬ ግን ስድስት ዓመት ገደማ ታስረዋል።

ሄለን፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። የጠየቅኩት ለትምህርት ብቻ አይደለም። አንድ ዘመዴ ዋስትና ተፈቅዶለት ጣቢያው አልለቅም ብሏል።

የልደታው ጠበቃ፦
እንግዲያው ነገ ጠዋት ትዕዛዙን የሰጠው ችሎት ዘንድ በጽሑፍ አመልክቱ። አዛዡ ቀርቦ ያልለቀቀበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ጠይቁ። የትዕዛዙን ግልባጭም ያዙ። ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም አለ። ቃል ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ መዝገቡ ላይ ይጻፍ።