የወሰን ማስከበር ካርታ ከአማካሪው መጣ፤ ለካሳ ገማች ኮሚቴ ከመሰጠቱ በፊት ምን ምኑን ልፈትሽ?

ችካል_አዘዞ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከጎንደር ከተማ ጫፍ ተነስቶ ወደ ደምቢያ ሜዳ የሚወርድ 24 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት ሊያድግ ነው። የወሰን ማስከበር ካርታው (ለመንገዱ የሚወሰደውን መሬት የሚያሳየው) ከዳር እስከ ዳር በ30 ሜትር ስፋት ተሠርቶ፣ በ1፡2000 ታትሞ፣ ከኋላው የባለይዞታዎች ሠንጠረዥ ተያይዞ ደርሶናል። ፈትሸን ለወረዳው መላክ የእኛ ድርሻ ነው።

ሦስት ነገር አልገጥም ብሎናል። የሚወሰደው መሬት ድምር 47 ሄክታር ይላል፣ ከርዝመቱና ከስፋቱ ጋር አይታረቅም። ወረዳው ከሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ (ማሳው በካርታ ከሚሰፍርበት የገጠር መሬት ምዝገባ) የሰጠን የማሳ ወሰን ሲደረብበት ደግሞ አብዛኛው ሜትር ሜትር ተኩል ይንሸራተታል፤ የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ላይ ግን ጭራሽ ሌላ ቦታ ያርፋል። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ከተማ ውስጥ ናቸው፤ እዚያም ያው 30 ሜትር ነው የተሰመረው። ከየት ልጀምር?

መሐል_መስመር፦

ከኮኦርዲኔቱ (የነጥቦቹን ቦታ ከሚናገሩት ቁጥሮች) ጀምር፤ እሱ ሳይስተካከል የሚደመር ስፋትም የሚጻፍ ስምም ዋጋ የለውም።

ሌላ ቦታ ያረፉት ወረቀቶች ላይ ልዩነቱን ለካው። በሰሜን አቅጣጫ 200 ሜትር ከምናምን፣ በምሥራቅ 90 ሜትር አካባቢ ከመጣልህ አንዱ ፋይል በአዲንዳን (በድሮው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥር በሚነሣበት መሠረት)፣ ሌላው በደብሊውጂኤስ 84 (በጂፒኤሱ ዳተም) ነው። ሁለቱም ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚቆጥር የካርታ መረብ) ዞን 37 ስለሆኑ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ በዓይን አይያዙም። ከተማው አካባቢ ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ቁጥሩ) 330 ሺህ ቤት፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ቁጥሩ) 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ቤት ነው በሁለቱም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ ዲዛይኑ በሁለት ቡድን ሲሠራ አንዱ የድሮ መቆጣጠሪያ ነጥብ ይይዛል፣ ሌላው ከጂፒኤሱ የወጣውን እንዳለ ይጠቀማል።

ስታስተካክል በአውቶካድ ጎትተህ አታስቀምጠው። በሁለቱም ሥርዓት የሚታወቁ ቢያንስ 3 ነጥቦች ይዘህ ቀይረው፤ 4ኛ ነጥብ ደግሞ ስሌቱ ውስጥ ሳታስገባ ለማረጋገጫ አስቀር። አማካሪው የነጥቦቹን መግለጫ ወረቀት ካላስረከበ ካርታውን አትቀበል። እያንዳንዱ ወረቀት ላይም ዳተሙ፣ ዞኑና የልኬት ማረሚያው (የመሬቱን ርቀት ወደ ካርታው ርቀት የሚቀይረው ብዜት) ይጻፍ።

የልኬት ማረሚያ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ጎንደር ከዞኑ መሐል መስመር ወደ 166 ኪሎ ሜትር ምዕራብ ትርቃለች፣ ከፍታዋም 2,100 ሜትር አለፍ ይላል። የሁለቱ ማረሚያዎች ተባዝተው 0.9996 አካባቢ ይሰጣሉ፤ ማለትም መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር የለካኸው ካርታው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ለካሳ ስፋት ይህ ኢምንት ነው፣ በሄክታር 8 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። 24 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ተቋራጩ በቶታል ስቴሽን (በመስክ መለኪያ መሣሪያ) ሲተክል የችካሉ ስቴሽን (ከመንገዱ መነሻ ያለው ርቀት) እና የካርታው ስቴሽን የማይገናኙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ድምሩ ስንመጣ፣ 24,000 ሜትር በ30 ሜትር 72 ሄክታር ነው። ነባሩ መንገድ 8 ሜትር ከሆነ 19.2 ሄክታሩ ድሮም መንገድ ነበር፤ ቀሪው 52.8። ሠንጠረዡ 47 ካለ 5.8 ሄክታር ባለቤት አጥቶ ተንሳፍፏል። ወንዝ፣ የወል ግጦሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ ያልተመዘገበ ማሳ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ይሆናል። የማንም ይሁን የማን ረድፍ ይኑረው፤ ካሳ የማይከፈልበትም ቢሆን። ድምሩ ከኮሪደሩ ስፋት ጋር እኩል እስኪመጣ ድረስ ሠንጠረዡን አትፈርም።

ኩርባዎቹንም እይልኝ። ከሲቪል ስሪዲ (ከመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌሩ) ወደ ሼፕ ፋይል (ወደ ካርታ ፋይል) ሲወጣ ቅስቱ ተሰባብሮ ቀጥታ መስመር ይሆናል። ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በየ20 ሜትሩ ከተቆረጠ ወሰኑ መሐሉ ላይ 1 ሜትር ሙሉ ይገባል፤ በየ5 ሜትሩ ከተቆረጠ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በየ5 ሜትሩ ይውጣ በለው።

መረሬ፦

ከላይ የተባለው እውነት ነው፤ እኔ ግን ድምር ከመደመሬ በፊት 30 ሜትሩን ራሱን እጠይቃለሁ። ከመሐል መስመር ግራና ቀኝ 15፣ 15 ተሰምሮ የመጣ ወሰን ክሮስ ሴክሽን (መንገዱ በወርዱ ሲቆረጥ የሚታይበትን ሥዕል) አላየም ማለት ነው። ወሰኑ የሚወጣው ሙሌቱ መሬት ከሚነካበትና ቁፋሮው ከሚያልቅበት ነጥብ ነው፣ ከዚያ ለቦይና ለጥገና ትንሽ ይጨመርበታል። የመደቡ ስፋት (30 ሜትሩ) ዝቅተኛው ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። የመንገዱ አናት 10 ሜትር ነው እንበል፣ ግማሹ 5። ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሙሌቱ 6 ሜትር ከፍ ካለና ተዳፋቱ 1 ለ 2 (1 ሜትር ከፍታ በ2 ሜትር አግድም) ከሆነ እግሩ (ሙሌቱ መሬት የሚነካበት ጫፍ) 12 ሜትር ይወጣል። 5 እና 12፣ 17። ቦይ ሳይገባ በአንድ ጎን ብቻ 2 ሜትር ከወሰን ውጪ ገበሬው ማሳ ላይ አፈር ትደፋለህ።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከፍ ያለ ሙሌት ያስፈራል። የሚያታልለው የደምቢያ ሜዳ ነው። ሜዳ ነው፣ 30 ሜትር ይበቃል ይባላል። ጥቁር አፈር ላይ ግን ተዳፋቱ ዝቅ ይላል፤ ቦዩም ውኃው ወደ ሙሌቱ ሥር ገብቶ አፈሩን እንዳያሳብጠው ከእግሩ ቢያንስ 4 ሜትር ይርቃል። 2 ሜትር ሙሌት በ1 ለ 4 ተዳፋት 8 ሜትር ነው። 5፣ 8፣ 4፣ ከዚያ 3 ሜትር ቦይ ጨምር፤ 20 ሜትር በአንድ ጎን። ሜዳው ከዳገቱ በለጠ።

ስለዚህ እግሩን የሚያሳየውን መስመር ከአማካሪው ጠይቅና ወሰኑ ላይ ደርበው፤ የሚሻገርበትን ሁሉ በስቴሽን ልቀም። አራት ቦታ ላይ ደግሞ ክሮስ ሴክሽኑም አይነግርህም። የከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ቱቦ) መውጫ ቦይ፤ ውኃው ከቱቦ ወጥቶ እስከ ተፈጥሮ ፈሰስ ድረስ የሚሄድበት 20፣ 30 ሜትር ወሰን ውስጥ ካልገባ በመጀመሪያው ክረምት ሙግት ነው። ከቁፋሮ አናት በላይ ያለው የውኃ መጥለፊያ ቦይ። የመገንጠያ መንገዶች አፍ። የድልድይ ሥራ ሲካሄድ የሚከፈተው ተለዋጭ መንገድ።

ተለዋጭ መንገድ፣ የአፈርና የድንጋይ ማውጫ፣ ካምፕ፣ የትርፍ አፈር መድፊያ ከዋናው ካርታ ጋር አይደባለቁ። ጊዜያዊ ናቸው፣ የካሳ ስሌታቸውም ሌላ ነው። ለየብቻ ወረቀት፣ ለየብቻ ሠንጠረዥ።

ገማች_ዘ_ማክሰኚት፦

ከግምት በኩል ሆኜ ልጨምር፤ ካርታው ስህተት ሲኖረው ጩኸቱ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነውና።

በአዋጅ 1161/2011 መሠረት በቋሚነት ለሚወሰድ የእርሻ መሬት ስሌቱ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተይዞ በ15 ይባዛል። እንግዲህ የካሬ ሜትሩ ዓመታዊ ገቢ 10 ብር ነው ቢባል፣ 200 ካሬ ሜትር የተሳሳተ ልኬት 30,000 ብር ነው። አንድ ወፍራም እስክሪብቶ 1፡2000 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲያሰምር መሬት ላይ 2 ሜትር ነው፤ 100 ሜትር ርዝመት ባለው ማሳ ያ ብቻውን 200 ካሬ ሜትር ሆነ። ለገጠሩ 1፡1000፣ ቤት ለበዛበት 1፡500 ይሁን። በኤ3 ወረቀት 1፡1000 ሲታተም መደራረቡ ተቀንሶ አንዱ 350 ሜትር ያህል ይይዛል፤ ወደ 70 ወረቀት ነው፣ አይክበድህ።

ስለ ሜትር ተኩሉ መንሸራተት፦ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባው ወሰን በብዛት ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ የተስተካከለ የአየር ፎቶ) ላይ በዓይን ተነብቦ የተሰመረ ነው። ድንበሩ ሣር ከሆነ ወይም የባሕር ዛፍ ጥላ ከሸፈነው ያን ያህል መሳቱ የተለመደ ነው። ካርታ ሠሪው የሁለቱን መስመር ለማገጣጠም ማሳውን ጎትቶ ከወሰኑ ጋር እንዳያጣብቀው። ስፋቱ ሳይለካ ተፈጠረ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ወሰኑ የሚቆርጠውን ድንበር ብቻ ባለይዞታው፣ አዋሳኙና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቆመው በአርቲኬ (በረቂቅ ጂፒኤስ) ወይም በቶታል ስቴሽን መልቀም ነው። የማሳው መለያ ቁጥር ከደብተሩ እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚወሰደው ስፋት ከመስክ ልኬቱ ይጻፋል፣ ከደብተሩ ጋር ያለው ልዩነት በማስታወሻ ዓምድ ይታያል።

ሠንጠረዡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውን ልንገርህ። ስሙ ከደብተሩ ካልተቀዳና መንገድ ላይ ከተገኘው ሰው ከተጠየቀ፣ የሚጻፈው የእኩል አራሹ ወይም የተከራዩ ስም ነው። በደብተሩ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ አንዱ ብቻ ሲጻፍ ክፍያው ባንክ ላይ ይቆማል። ባለይዞታው ካረፈ "የእገሌ ወራሾች" ተብሎ ይገባል እንጂ የትልቁ ልጅ ስም አይገባም። ጠቅላላ ስፋት፣ የሚወሰድ፣ የሚቀር፤ የሚቀረው ደግሞ በቅርጹም ይታይ። 300 ካሬ ሜትር ቀረ ማለትና 4 ሜትር ስፋት ያለው በሬ የማይዞርበት ቁራጭ ቀረ ማለት አንድ አይደለም። ግራና ቀኝ የሚባለው ስቴሽኑ ወደሚጨምርበት ዞሮ ነው፤ ይህ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ግማሹ መስክ ላይ ተገልብጦ ይነበባል።

ቤት፣ ጌሾ፣ ባሕር ዛፍ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ አጥር፣ መቃብር፣ ጠበል፤ እያንዳንዱ ኮድ ይኑረው፣ ኮዱ ካርታውም ሠንጠረዡም ላይ አንድ ይሁን። ወሰኑ ጥግ የነካው ቤት በሙሉ ይሣል፣ የተቆረጠው ጥግ ብቻ አይደለም። ከወሰኑ ውጪ 1፣ 2 ሜትር ላይ ያለ ቤትም ይሣል፤ በተለይ ሥሩ የሚቆፈር ከሆነ። በመጨረሻ፣ ቆጠራው የተደረገበት ቀን። ችካል ከተተከለ በኋላ በሳምንት ውስጥ ቆርቆሮ ቤትና የባሕር ዛፍ ችግኝ ይበቅላል። ችካል በሚተከልበት ሳምንት በድሮን የተነሣ፣ ቀን ያለበት ምስል ከካርታው ጋር ይቀመጥ።

ማራኪ_ፕላን፦

ከተማ ውስጥ ያሉትን 3 ኪሎ ሜትሮች ቁረጥና ለየብቻ አውጣ። እዚያ ስፋቱን የሚወስነው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ የመንገዱ ደረጃ አይደለም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎቹ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ዳተማቸው ይለያያል፤ የጥጎቹን ቁጥር ሳትቀይር አትደርብ። የመብራት ፖል፣ የቴሌ ፋይበር፣ የውኃ መስመር በስቴሽንና ከመሐል መስመር ባለው ርቀት ይመዝገቡ፤ ለባለቤቶቻቸው በደብዳቤ የሚሄደውም ያው ዝርዝር ነው።

ቅርስ አጠገብ ካለፈ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን አጣራ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው የነገሥታቱ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ቁስቋምና ቀሃ ላይ ያለው የፋሲል መዋኛም አሉበት። ጥበቃ ክልሉ ካርታህ ላይ ካልተሠመረ ፈቃዱ ሲዘገይ ምክንያቱን ፍለጋ ትዞራለህ።

ችካል_አዘዞ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ልዩነቱን ለካሁት፣ 207 እና 92 ሜትር ነው፤ ዳተም ነው ማለት ነው። ጋሼ መረሬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እግሩ ከወሰን የሚወጣባቸው ቦታዎች ላይ ወሰኑ እግሩን ተከትሎ ይጠማዘዝ ወይስ ሙሉውን መንገድ ወደ 40 ሜትር ላስፋው?

መረሬ፦

ሁለቱም አይሁን። ሙሉውን ማስፋት የማያስፈልግ መሬት ያስነሣል፣ ካሳውንም ያንረዋል። እግሩን እየተከተሉ መጠማዘዝ ደግሞ መስክ ላይ የሚተከል መስመር አይሰጥህም፤ ገበሬው በየ20 ሜትሩ ጥርስ ጥርስ የሆነ ድንበር አይጠብቅልህም።

በደረጃ አስፋው። ከስቴሽን እስከ ስቴሽን ቢያንስ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ፣ ስፋቱ ወደ ሙሉ ሜትር ከፍ ተደርጎ፦ ለምሳሌ ከ14+200 እስከ 14+420 በቀኝ 20፣ በግራ 15። ስፋቱ የሚቀየርበት ጥግ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ኮኦርዲኔቱ በሠንጠረዥ ይውጣ፣ ችካሉም በዚያው ቁጥር ይተከል፤ በቀጥታው በየ50፣ በኩርባው በየ20 ሜትር። በሁለት ሰፋ ያሉ ቁራጮች መካከል የቀረው ከ100 ሜትር ካነሰ አያይዛቸው።

ሲታረም የተነኩትን ወረቀቶች ብቻ የእትም ቁጥር ለውጠህ፣ የድሮዎቹን ከገማች ኮሚቴው እጅ ሰብስብ። ሁለት እትም አብሮ ከዋለ አንዱ ማሳ በሁለት ልኬት ይገመታል።