ቻት ላይ ወሬ አያልቅብኝም፣ ፊት ለፊት ግን ምላሴ ይተሳሰራል

ዝምተኛው፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እንዳትስቁብኝ ብቻ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በቴሌግራም ሌሊቱን ሙሉ እናወራለን። ቀልዱም፣ ሐሜቱም፣ ምስጢሩም አለ። ባለፈው ቅዳሜ በአካል ተገናኘን። "እንዴት ነህ?" "አለሁ፣ አንተስ?" ከዛ ጭጭ። ሁለታችንም ስልካችንን አወጣን። "ይቺን እያት" ብሎ አንድ ቪዲዮ ሲያሳየኝ፣ ለካ ማታ እኔው ራሴ የላክሁለት ነው! እንዳላየ ሆኜ ሳቅሁ። ቻት ማብዛቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበርኩ?

የማታ ወፍ፦
ብቻህን አይደለህም ወንድሜ። ለእኔ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። በፈረንጆቹ 2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ ፊት ለፊት ስናወራ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ዓይን እንደ መርገብገብ ያህል ነው። ቻት ላይ ግን ትጽፋለህ፣ ታጠፋለህ፣ እንደገና ትጽፋለህ፣ ካላማረህም ስቲከር ልከህ ትገላገላለህ። እዚህ የለመደ ሰው እዛ ሲደርስ ቢደነብር አይፈረድበትም።

ምን ቸገረኝ፦
ሁሉን ነገር በስልክ ማሳበብ ሰለቸኝ እኮ! በፈረንጆቹ 1998 ኢንተርኔት ገና አዲስ የገባላቸውን ቤተሰቦች ያጠኑ ሰዎች "የቤት ወሬ ቀነሰ፣ ብቸኝነት ጨመረ" ብለው ብዙ ተወራ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ጉዳቱ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ግን የሚያነሳው የለም። እኔ ስናገር እንተባተባለሁ። ጓደኞቼን ያፈራሁት በጽሑፍ ነው። በአካል ስንገናኝ ቀድመው ስለሚያውቁኝ እንደ በፊቱ አልሳቀቅም።

ዝምተኛው፦
እኔ እንጃ... ሳስበው ወሬያችንን ማታ ጨርሰን ነው መሰለኝ የምንገናኘው።

ታናሽ እህት፦
እሱ ነው በቃ! እኔና እህቴ ዋና ዋናውን ወሬ "ስንገናኝ" ብለን እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ አካባቢ በጉጉት ልንፈነዳ ነበር። አሁን ገና ሳንቀመጥ ነው የምንጀምረው። ስልኩንም ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ጠረጴዛ ላይ ካለ ዓይን መሄዱ አይቀርም።

ዝምተኛው፦
እሺ ልሞክራት። የሥራ ቦታ አንድ ጉድ አለኝ፣ እስከ ቅዳሜ ልይዘው ነው። ይኸው አሁን ራሱ "ምነው ጠፋህ?" ብሎ ጻፈልኝ 😂