ሦስት ፕሮፎርማ፣ ስድስት ፊርማ፦ ግዥያችንን ከወረቀት ማውጣት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

እህት ከግዥ ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ዱከም ውስጥ ያለ አንድ የብስኩት ፋብሪካ የግዥ ባለሙያ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ማሽኑም ስቶሩም ዱከም ነው። እኔ የምቀመጠው መገናኛ አካባቢ ባለው ዋና ቢሮ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ፋብሪካው እወርዳለሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ዕቃ የፈለገው ክፍል በሦስት ቅጂ የግዥ መጠየቂያ ይሞላል። የክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል። ስቶር ኪፐሩ «በስቶር የለም» ብሎ ይፈርማል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ይፈርማል። ከዚያ ወረቀቱ በማታው የሠራተኛ ሰርቪስ፣ በሾፌሩ እጅ፣ አዲስ አበባ ይገባል። ፋይናንስ በጀት አይቶ ይፈርማል። እኔ ከሻጮች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቤ ማወዳደሪያ እሠራለሁ። እሱ ላይ ደግሞ የግዥ ኃላፊውና ዋና ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ። ስድስት ፊርማ። ለማሸጊያ ፕላስተርም ሆነ ለአዲስ ምድጃ ያው ስድስት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው መጋቢት የሆነው ነው። የአንዱ ማሸጊያ ማሽን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ተበላ። መጠየቂያው «ኩሽኔታ 6205፣ 2 ፍሬ» ይላል። ሁለቱ ተደምረው ውድ የሚባል ዕቃ አይደለም። ግን ከተጠየቀበት ቀን እስከ ተገዛበት ቀን 12 ቀን ፈጀ። ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሄጄ ገዝቼ ዕቃውን ስልክለት ደግሞ መካኒኩ «ይሄ አይደለም፣ ባለ ጎማው ነው» አለኝ። ለመለወጥ ሌላ ሁለት ቀን። ያን ሁሉ ጊዜ የማሸጊያ መስመሩ ቆሞ ነበር። በዚያ መስመር የሚያሽጉት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ካልገቡ አይከፈላቸውም። አንዷ ሁለት ልጆች አሏት። ደውላ «ነገስ እንግባ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ሌላው የዋጋው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የማገኘው ፕሮፎርማ ዕድሜው አጥሯል። ድሮ 15 ቀን፣ አንዳንዱም ወር ይጸና ነበር። አሁን «ለ3 ቀን ብቻ» የሚል ይበዛል። የእኛ ፊርማ ሳያልቅ ዋጋው ያልቃል። ከዚያ እንደገና ፕሮፎርማ፣ እንደገና ማወዳደሪያ፣ እንደገና ፊርማ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ በቅርቡ «በሲስተም የሚሠራበትን መንገድ አጥንተሽ አምጪ» ብሎኛል። አንድ ሶፍትዌር ሻጭ መጥቶ ትልቅ ሲስተም አሳይቶናል። ያምራል። ክፍያው ግን በየዓመቱ በዶላር ነው። ሂሳባችን የሚሠራው በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። ፋብሪካው ላይ መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጣል። እኔ ኤክሴል እችላለሁ፣ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም።

ትልቁን እንግዛ ወይስ በትንሹ እንጀምር? ፊርማውን ወደ ስልክ ካመጣን ችግሩ የሚያልቅ ይመስለኛል። በተግባር ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ክፍት ምንጭ

ሰላም እህቴ። የዶላሩ ነገር ካሳሰበሽ ኢአርፒኔክስት የሚባለውን የድርጅት ሥራ ማስኬጃ ሶፍትዌር እዪው። ክፍት ምንጭ ነው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት የፈቃድ ክፍያ የለውም። የግዥ መጠየቂያ፣ የዋጋ መጠየቂያ፣ የአቅራቢ ዋጋ፣ የግዥ ትዕዛዝ፣ የዕቃ መረከቢያ፣ ሁሉም አብሮት ይመጣል። ማን ከማን በኋላ እንደሚያጸድቅም ያለ ፕሮግራመር ታስተካክያለሽ። ተመሳሳዩ ኦዱም ጥሩ ነው፤ ነጻው ዕትም ላይ ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ትዕዛዝ ተጨማሪ ማጽደቂያ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ለማጽደቅ ብቻ የተሠራው ክፍሉ ግን የሚከፈልበት ዕትም ላይ ነው ያለው።

አንድ ነገር ያዢልኝ። ሁለቱም የሚሠሩት በፈረንጆቹ ቀን ነው። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሲስተሙ ላይ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ብለሽ አስገቢው። ብዙዎች ጁላይ 1 ብለው ይጀምሩና በዓመቱ መጨረሻ የሰባት ቀን ሂሳብ ይፈልጋሉ።

---

ሞዴል 19

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ 22 ዓመት በስቶር ሥራ ላይ ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ መንግሥት ቤት፣ ኋላ በግል ድርጅት። ስለ ፊርማው ያልሽው እውነት ነው። ግን ችግርሽ ፊርማው ብቻ አይመስለኝም። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ «ይሄ አይደለም፣ ባለ ጎማው ነው»።

6205 የሚለው ቁጥር የሚነግርሽ መጠኑን ነው። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው 52፣ ስፋቱ 15። ክዳኑ ምን እንደሆነ የሚነግርሽ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። ዜድዜድ የብረት ክዳን ነው፤ ቱአርኤስ በሁለቱም በኩል ጎማ ነው። ዱቄትና ስኳር በሚበንበት ቤት ጎማው ያስፈልጋል፤ የብረት ክዳኑ አቧራ ያሳልፋል። መካኒኩ ይህን ያውቃል። መጠየቂያችሁ ላይ ግን የሚጽፍበት ቦታ የለም። «የዕቃው ዓይነት» የምትል አንዲት መስመር ናት ያለችው አይደል? ያንን ወረቀት ስልክ ላይ ብታመጪው፣ ስድስቱም ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያጸድቁት፣ ያው የተሳሳተ ኩሽኔታ ቶሎ ይገዛል።

የደረሰብንን ልንገርሽ። የነበርኩበት ድርጅት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሲስተም አስገባ። ስም አልጠራም። ሻጮቹ የስቶራችንን ዝርዝር ከኤክሴል እንዳለ ወሰዱት። አንዱ ዕቃ በአራት ስም ተመዝግቦ ነበር፦ ኩሽኔታ፣ ቤሪንግ፣ ቤሪንግ 6205፣ 6205 ዜድዜድ። አንዱ ጸሐፊ በጣሊያንኛው፣ አንዱ በእንግሊዝኛው እየጻፈ የመጣ ነው። ሲስተሙ «ቤሪንግ 6205፣ ዜሮ» ይላል። ገዥው ይገዛል። መደርደሪያዬ ላይ ግን 11 ፍሬ ተቀምጧል፣ «ኩሽኔታ» በሚል። በስምንት ወር ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ቢን ካርዱ፣ ማለትም ወደ ስቶሩ የወረቀት መዝገብ፣ ተመለሰ። ሲስተሙን ማንም አላመነውም። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም ነበር።

ስለዚህ ሻጩን ከመጥራትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ያለፉትን 30 ግዥዎች ፋይል አውጪ። ከየፊርማው ጎን ቀን አለ። ወረቀቱ ከማን እጅ መቼ እንደወጣ፣ የት ስንት ቀን እንዳደረ በደብተር ጻፊ። በተለይ ወደ ኋላ የተመለሰውን። «ተስተካክሎ ይምጣ» የተባለበትን ለይተሽ ቁጠሪ። እዚያ ላይ የሚወጣው ነገር ያስደነግጥሻል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ለዕቃዎቹ ኮድ ስጡ። ኮዱ ቁጥር ብቻ ይሁን፣ 04-0117 እንደሚባለው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብትጽፊው አይለወጥም፤ ፒችትሪም ይቀበለዋል። ኮድ ስትሰጡ መካኒኩ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ያለ እሱ ቢሮ ውስጥ የተሠራ ዝርዝር አይረባም።

ስለ ስድስቱ ፊርማ ደግሞ፣ በብር መጠን ይከፈል። የትንሹን ግዥ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ይጨርሰው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሲጓዝ የሚተካው ሰው አስቀድሞ በደብዳቤ ይታወቅ። ይህ ሶፍትዌር አይፈልግም፣ የአንድ ቀን ስብሰባ ነው።

---

የኦዲት ሰው

ሞዴል 19 ያሉት ላይ የምጨምረው ከሂሳብ በኩል ነው።

አለቆችሽ «በስልክ የጸደቀ ሕጋዊ ነው ወይ?» ይሉሻል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አለ። ሕጉ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ዕውቅና ይሰጣል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት መግዛት ጀምረዋል። ለውስጥ ማጽደቂያ የሚበቃው ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳጸደቀ የማይፋቅ መዝገብ መኖሩ ነው። የሻጩን ደረሰኝ ግን ዋናውን አስቀምጪ። እሱ ላይ አትዘናጊ።

ማወዳደሪያሽ ላይ የቫት ነገር አለ። አንዱ ፕሮፎርማ 15 ከመቶ ቫት ጨምሮ ይመጣል፣ ሌላው ሳይጨምር። ድርጅታችሁ የከፈለውን ቫት የሚያካክስ ከሆነ ሁሉንም ከቫት በፊት ባለው ዋጋ አወዳድሪ። ዊዝሆልዲንግንም (ከሻጩ ክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰውን ግብር) ቀመሩ ውስጥ ቁጥር አድርገሽ አትቅበሪው። መጣኔውም መነሻ መጠኑም በአዋጅ ይቀየራል። ለብቻው አንድ ሴል ላይ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይመሳከር፦ የታዘዘው፣ ስቶር የተረከበው፣ ሻጩ ያስከፈለው። ኤክሴልም ይህን ይሠራል። የየአቅራቢውን ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ) እና ስልክ መዝግቢ። ሦስት «ተወዳዳሪ» ፕሮፎርማ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር አግኝቼ አውቃለሁ። ወረቀቱን በየፋይሉ ስታዪው አይታይም፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ወዲያው ይወጣል።

---

እህት ከግዥ ክፍል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመመለስ ሦስት ሳምንት የቆየሁት ሞዴል 19 ያሉኝን ስለሠራሁ ነው።

30 ፋይል አወጣሁ። ሁለት ቅዳሜና አንድ እሑድ ፈጀብኝ። ያ የኩሽኔታ ወረቀት ከ12ቱ ቀን ውስጥ ፊርማ ሲጠብቅ ያደረው 4 ቀን ነው። አምስት ቀን የሄደው «ዝርዝሩ ይገለጽ» ተብሎ ወደ ዱከም ተመልሶ ነው። የተመለሰው ዓርብ በሰርቪስ ነበር፤ መካኒኩ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበረ ወረቀቱ የክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። መጨረሻ የተጻፈው መልስ «6205» ብቻ ነው። ቀሪው 3 ቀን ያለፈበትን ፕሮፎርማ ማሳደሻ ነው። ከ30ው ውስጥ 17ቱ ቢያንስ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሰዋል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የዋና ሥራ አስኪያጁን ጠረጴዛ ነበር የምከስሰው።

ስለዚህ ሐሳቤን ለወጥኩ። ትልቁን ሲስተም አሁን አንገዛም። ለአለቃዬ ያቀረብኩት ይህ ነው። እስከ 20,000 ብር ያለውን የክፍሉ ኃላፊና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ይጨርሱት። ተቀብሏል፤ የሚተካውን ሰው ግን ገና አልወሰነም። መጠየቂያውን ወደ ጉግል ፎርም አመጣሁት። የማሽኑ ስም፣ የዕቃው ኮድ፣ ብዛት፣ እና የግድ ፎቶ፤ የተበላው ዕቃ ቁጥሩና ፊደሉ እንዲነበብ ሆኖ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ጥያቄው በቴሌግራም ለኃላፊው እንዲደርስና «አጽድቅ» ወይም «መልስ» የሚል ቁልፍ እንዲኖረው ሠርቶልኛል። የገባበትና የጸደቀበት ሰዓት በራሱ ይመዘገባል።

መጀመሪያ የላከው የሌሊት ፈረቃው መካኒክ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የማጓጓዣ ቀበቶ ፎቶ ላከ፣ መጠኑ ይነበባል። ጠዋት ስገባ ጸድቆ ጠበቀኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ፎርሙ አይከፈትም፣ ምን ላድርግ? ኮድ የሰጠነው ደግሞ ለ240 ዕቃ ነው፤ ስቶሩ ውስጥ ከ1,000 በላይ አለ። ሁሉም እስኪያልቅ ልጠብቅ?

---

ክፍት ምንጭ

ለመጀመሪያው፦ ጥያቄውንም በቴሌግራም ይጀምሩት። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ ላይ ይቆይና ሲመለስ ራሱ ይሄዳል። ፎርሙ ይህን አያደርግም። ለእህትሽ ልጅ ንገሪው፣ ቦቱ (በቴሌግራም ውስጥ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራም) ፎቶውንና ዝርዝሩን በአንድ መልእክት ቢቀበልና የጎደለውን ኔትወርክ ሲመለስ ቢጠይቅ ይሻላል። ኢአርፒኔክስት ሌላ ጊዜ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ንጹሕ ዝርዝር ይዘሽ ትገቢያለሽ።

---

ሞዴል 19

ጎበዝ። ሁሉንም አትጠብቂ። ማሽን የሚያቆሙትን አስቀድሚ፤ የጽዳትና የጽሕፈት ዕቃ ይደርሳል። ደግሞ ሰኔ 30 ቆጠራ አላችሁ አይደል? በዚያ ቀን እያንዳንዱ ዕቃ በእጅ ይነሳል፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚገኝ ዕድል ነው። ኮዱን በወፍራም እስክሪብቶ በካርቶን ላይ ጽፋችሁ ከቆጠራው በፊት መደርደሪያው ላይ ለጥፉት። ቆጣሪዎቹ ኮድ የሌለው ዕቃ ሲያገኙ ወደ ጎን ያውጡት። መካኒኩን በዚያ ቀን ከፈረቃ አስለቅቂልኝ፣ አጠገባቸው ይቁም።