ሰብሊሜሽን፦ የመጀመሪያዎቹ ቲሸርቶች አሪፍ፣ ከዛ በኋላ ድብዝዝ ይላል። ምን ላርግ?

የኮዬው ልጅ፦
ሰላም ወገን እባካችሁ ድረሱልኝ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳሎኔን ግማሹን ወርክሾፕ አድርጌ ነው የምሰራው እና ለተመራቂዎች 45 ነጭ ቲሸርት ተቀብያለሁ ለቅዳሜ ነው ሚፈልጉት። ፕሪንተሩ ኤፕሰን ኤል 805 ነው የሰብሊሜሽን ቀለም (ወረቀት ላይ ታትሞ በሙቀት ጋዝ ሆኖ ጨርቁ ውስጥ የሚገባው) የሞላሁበት፣ ሂት ፕሬሱ (ወረቀቱን ቲሸርቱ ላይ በሙቀት የሚጫነው ማሽን) 38 በ38 ሳንቲ ነው፣ 190 ዲግሪ 50 ሰከንድ ነው ማረገው። ማታ ስጀምር የመጀመሪያዎቹ አራት አምስቱ እሳት ናቸው! ከዛ ስድስተኛው ሰባተኛው ላይ ጥቁሩ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል በተለይ ጠርዙ ጋ፣ ወረቀቱን ስገልጠው ደሞ ቀለሙ ግማሹ እዛው ቀርቷል። ተናድጄ 70 ሰከንድ አረኩት ማታ ትንሽ ተሻለ፣ ጠዋት በዛው 70 ስሞክር ግን ጥቁሩ ቡኒ ሆነ ነጩም ቢጫ ቢጤ። ያው ማሽን ያው ቀለም እኮ ነው። ቀለሙን ልቀይረው እንዴ?

ከአያት ማዶ፦
ቀለሙን አትንካው ብርህን አታባክን። ራስህ መልሱን ጽፈኸዋል እኮ፣ አረንጓዴ ያለው ጥቁር ሙቀት አንሶት ነው ቡኒ የሆነው በዝቶበት ነው፣ ስለዚ ሙቀቱ ነው ማታና ጠዋት የሚለያየው። ዲስፕለዩ 190 ይላል ልትለኝ ነው አውቃለሁ፣ ግን መቼ ነው የምታየው? ከመዝጋትህ በፊት ነው። ከዘጋህ በኋላ አፍጥጠህ እየው ስንት እንደሚወርድ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ 220 የነበረው 180 ቢገባ የማሽኑ ጉልበት በአንድ ሶስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። መሞቁን ይሞቃል ግን በየቲሸርቱ መሀል የጎደለውን ለመሙላት ጊዜ ያጣል፣ አንተ ደሞ ለመጨረስ ትጣደፋለህ። በኤክስቴንሽን ነው የሰካኸው?

የኮዬው ልጅ፦
አዎ በኤክስቴንሽን ነው፣ ፍሪጁም እዛው ላይ ነው

ከአያት ማዶ፦
ኧረ በስመአብ። ስራ ላይ እያለ ገመዱን በእጅህ ዳስሰው፣ ከሞቀ ለቲሸርቱ የሚገባው ሙቀት ገመዱ ላይ እየቀረ ነው፣ እሳትም ሊያስነሳብህ ይችላል። ወጥ ቤት የምጣድ ሶኬት አለህ አይደል፣ መስመሩ ወፈር ያለ ነው እዛ ውሰደው።

የጀሞዋ፦
ቮልቴጁ እንዳለ ሆኖ ሐምሌ መሆኑን አትርሱ እንጂ። ጨርቁም ወረቀቱም እርጥበት ይይዛል፣ እኔ አንዴ ፕሬሱን ስከፍት እንደ ጀበና እንፋሎት ሲወጣ አይቼ ነው የነቃሁት። ቲሸርቱን ባዶውን 5–10 ሰከንድ ተጫነው ከዛ ትንሽ አናፍሰውና ወረቀቱን አስቀምጥ። ወረቀቱን ደሞ ከፍተህ አትተወው፣ ፌስታል ውስጥ አስረህ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን ትንሽዬ ከረጢት አብረህ ክተታት። ታች ከቲሸርቱ ስር ንጹህ ወረቀት አንጥፍ እሱን በየጊዜው ቀይረው፣ እርጥበቱን እሱ ነው የሚጠጣው፣ ቀለም ከኋላ በኩል እንዳይነካም ይጠብቅሃል።

የኮዬው ልጅ፦
እሺ እህቴ። ሌላም አለ ያልነገርኳችሁ፣ ከመጀመሪያው ዙር ሶስቱን አጥቤ ሞክሬ አንዱ የታጠበ ጂንስ መሰለ፣ የቀሩት ምንም አልሆኑም። ሁሉም ከአንድ ሱቅ ነው መርካቶ፣ ሻጩ 100 ፐርሰንት ፖሊስተር ነው ብሎ ምሎ ነው የሸጠልኝ

የጀሞዋ፦
መሀላውን ተወውና ክር አቃጥል። ከጫፉ ክር ምዘዝና ክብሪት አስጠጋው፣ ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል አመዱም በጣት ሲነካ ይበተናል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ያሳይሃል። የሰብሊሜሽን ቀለም ጋዝ ሆኖ የሚገባው ፖሊስተሩ ውስጥ ነው፣ ጥጡ ላይ ያረፈው በእጥበት ይሄዳል በቃ፣ ምንም ሙቀት ብትጨምር አታድነውም።

ባለ ኮፍያው፦
እኔ በዲቲኤፍ (ፊልም ላይ አትሞ ጨርቁ ላይ በሙቀት መለጠፍ) ነው ምሰራው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለብኝም 😄 ጥጥ በለው ጥቁር በለው ይይዛል

ከአያት ማዶ፦
ዲቲኤፍ ማሽኑን ልትገዛለት ነው? ልጁ ለቅዳሜ ነው የሚፈልገው።

የኮዬው ልጅ፦
ወገን ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ እንዳላችሁኝ አፍጥጬ አየሁት፣ ከዘጋሁ በኋላ ከ190 ወደ 171 ወረደ፣ ሰከንዱ ሲያልቅ 178 ላይ ነበር! ኤክስቴንሽኑ ደሞ መሰኪያው ጋ ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ ለስልሷል፣ ደነገጥኩ፣ ወዲያው ጣልኩት። ማሽኑን ወጥ ቤት ወሰድኩት (ባለቤቴ ደስ አላላትም)፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ ሰው ምጣድ ሳይለኩስ 195 ላይ 50 ሰከንድ፣ መጀመሪያ ባዶውን እየተጫንኩ፣ በየመሀሉ ዲስፕለዩ እስኪመለስ እየጠበቅኩ፣ 28ቱን ጨረስኩ። ጠርዙም እኩል ነው። ክሩን አቃጥዬ አምስት ድብልቅ ቲሸርት አገኘሁ እነሱን ለይቻለሁ ሰውየው ይቀይርልኝ እንደሆነ ነገ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ሁለቱ ላይ ፊደሉ ጥላ አለው ድርብ ሆኖ ይታያል

የጀሞዋ፦
እሱ ፕሬሱን ስትከፍት ወረቀቱ ተንሸራቶ ነው፣ ትኩስ እያለ ቀለሙ ገና ጋዝ ስለሆነ ትንሽ ሲነቃነቅ ይደርባል። በሂት ቴፕ (ሙቀት በሚችለው) አራቱንም ጥግ ያዘው፣ ፕሬሱን ስትከፍት ቀስ በል፣ ወረቀቱንም ሳይቀዘቅዝ ሳትጎትት በአንዴ ወደ ላይ አንሳው። ተራ ፕላስተር እንዳትጠቀም ይቀልጣል።