ከአንድ ምንጭ የሚደጋገሙ አጫጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች፦ ሳተላይቶች ምንጩን በምን ይለያሉ?

ጥያቄ፤ ከ«ሞገድ»

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ኤስጂአር 1935+2154 ከተባለው ማግኔታር (እጅግ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ካለው፣ በጣም የታመቀ ኒውትሮን ኮከብ) የተመዘገቡትን አጫጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሬ ግራፍ ለመሥራት እየሞከርሁ ነው። መረጃውን የምወስደው የፌርሚ ሳተላይት የፍንዳታ መቆጣጠሪያ ይፋ ካደረገው ዝርዝር ሲሆን፣ ሥራውን ስጀምር ግልጽ ያልሆኑልኝ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው አቅጣጫን የሚመለከት ነው። ለአንድ አጭር ፍንዳታ የሚሰጠው የአቅጣጫ ስሕተት ብዙ ጊዜ በርካታ ዲግሪ ይሆናል። ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትሸፍነው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ይህን ያህል ሰፊ በሆነ የሰማይ ክፍል ውስጥ የታየ ብልጭታ በእርግጥ ከዚያ ከአንዱ ኮከብ እንጂ በአጋጣሚ በዚያው አቅጣጫ ከተከሰተ ሌላ የጋማ ጨረር ፍንዳታ አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ ሊገባኝ አልቻለም።

ሁለተኛው በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች ይመለከታል። ለወራት ምንም የማይታይባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ክፍተቱ የምንጩ ዝምታ ነው ወይስ የሳተላይቱ አለማየት? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ 1፤ ከ«ሌሊት ጠባቂ»

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልሞክር፤ ሁለተኛውን በቆጠራ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከእኔ የተሻለ ይመልሱታል።

ፌርሚ እ.ኤ.አ. በጁን 2008 ወደ ህዋ የመጠቀ ሲሆን የፍንዳታ መቆጣጠሪያው 12 የሶዲየም አዮዳይድ እና 2 የቢስመዝ ጀርማኔት ዲቴክተሮች አሉት። ዲቴክተሮቹ ምስል አያነሡም። ወደ ተለያየ አቅጣጫ ዞረው የተተከሉ በመሆናቸው፣ ፊቱን ወደ ምንጩ ያደረገው ብዙ ፎቶን ይቆጥራል፣ ጎኑን የሰጠው ደግሞ ጥቂት፤ አቅጣጫው የሚሰላው ከዚህ የቁጥር ልዩነት ነው። ፍንዳታው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሲቆይ የሚሰበሰበው የፎቶን ብዛት ትንሽ ስለሚሆን ስሕተቱ በዲግሪ መለካቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የአቅጣጫው መገጣጠም ፍንዳታውን ለዚያ ምንጭ ለመስጠት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን ግን በቂ አይደለም።

ከአቅጣጫው ቀጥሎ የሚመረመረው የጨረሩ ጉልበት ነው፤ እኔ ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምሰጠውም ለዚህ ነው። የተለመደው የጋማ ጨረር ፍንዳታ ብዙውን ጉልበቱን የሚያፈስሰው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ሲሆን፣ የማግኔታር አጭር ፍንዳታ ግን አብዛኛው ጉልበቱ ከ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው፤ «ለስላሳ» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። የፌርሚ መቆጣጠሪያ ዋናውን ፍለጋ የሚያካሂደው ከ50 እስከ 300 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ቢሆንም፣ ከ25 እስከ 50 ባለው ዝቅተኛ ክልል የሚሠሩ ተጨማሪ ማንቂያዎችም የተዘጋጁለት እንዲህ ያሉ ለስላሳ ብልጭታዎች እንዳያመልጡት ነው። ቢያንስ ሁለት ዲቴክተሮች በአንድ ጊዜ ከዘወትር ቁጥራቸው በግልጽ ሲያልፉ ማንቂያው ይነሣል፤ ከዚያም በሳተላይቱ ላይ ያለው ሶፍትዌር አቅጣጫውንና የጨረሩን ጉልበት አጣምሮ ክስተቱ የሩቅ ጋማ ፍንዳታ፣ የማግኔታር ፍንዳታ፣ የፀሐይ ነበልባል ወይም ከምድር ነጎድጓድ የሚነሣ ብልጭታ የመሆን ዕድሉን ያሰላል። የነጎድጓዱ ብልጭታ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰና እጅግ ጉልበተኛ ፎቶኖችን የያዘ በመሆኑ ከማግኔታር ጋር የሚምታታው እምብዛም ነው። ለስላሳነቱ ተመሳሳይ የሆነው የፀሐይ ነበልባል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነሣና ከፀሐይ አቅጣጫ የሚመጣ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሌላ ሳተላይት ይመጣል። ስዊፍት ላይ ያለው ሰፊ ዕይታ ያለው መሣሪያ ከዲቴክተሮቹ በላይ ከሺህ በሚቆጠሩ የእርሳስ ጡቦች የተሠራ፣ ክፍትና ዝግ ቦታው ያለ ሥርዓት የተሰባጠረ ጭምብል ተደርጎለታል። ጨረሩ ሲያልፍ ጭምብሉ በዲቴክተሮቹ ላይ የሚጥለው ጥላ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ስሕተቱም ወደ ጥቂት የቅስት ደቂቃ (የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል) ይወርዳል። እርስዎ የሚከታተሉት ምንጭ ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2014 በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ በኤክስ ሬይ ቴሌስኮፖች ሲታይ በየ3.24 ሰከንዱ የሚዞር ኒውትሮን ኮከብ መሆኑ ተረጋገጠ። ቦታው በትክክል ከታወቀ በኋላ የፌርሚ ሰፊ የስሕተት ክብ ያን ነጥብ መያዙ፣ ጨረሩ ለስላሳ መሆኑና ምንጩ በዚያው ሰሞን ንቁ መሆኑ ሲደመሩ የአጋጣሚነት ዕድሉ በጣም ይጠባል።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአቅራቢያው ሌላ ማግኔታር አለ፤ ኤስጂአር 1900+14 ከእርስዎ ምንጭ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል። ደካማ ለሆነና ስፋቱ ከአሥር ዲግሪ ላለፈ የስሕተት ክብ ሁለቱን መለየት ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለውን ፍንዳታ በግራፍዎ ላይ በተለየ ምልክት ቢያስቀምጡት ይሻላል።

መልስ 2፤ ከ«ንጋት ኮከብ»

በቀደመው መልስ ላይ አንድ ትልቅ ዘዴ ልጨምር፤ እርሱም የብዙ መንኮራኩሮችን ሰዓት ማነጻጸር ነው። የጋማ ጨረሩ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ አንዱን መንኮራኩር ቀድሞ ሌላውን ዘግይቶ ይመታል። የመድረሻ ጊዜያቸው ልዩነትና በመካከላቸው ያለው ርቀት ከታወቀ ምንጩ በሰማይ ላይ በአንድ ቀለበት ላይ መሆን አለበት፤ ሦስተኛ መንኮራኩር ሲጨመር ቀለበቶቹ በሁለት ነጥብ ይቆራረጣሉ። መንኮራኩሮቹ በተራራቁ ቁጥር ቀለበቱ ይቀጥናል። ስለዚህ በምድር ዙሪያ የሚሽከረከሩት ብቻቸውን ብዙም አይረዱም፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ዊንድ፣ በማርስ ዙሪያ የሚዞረው ማርስ ኦዲሲ እና የመሳሰሉት ግን ትልቅ ዋጋ አላቸው።

የዚህ የምርምር ዘርፍ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1979 የሶቪየት ኅብረቱ ቬኔራ 11 እና 12፣ ሄሊዮስ 2፣ በቬነስ ዙሪያ የነበረው ፓዮኒርና ሌሎችም እስከዚያን ጊዜ ያልታየ ኃይለኛ ብልጭታ መዘገቡ። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያበቃው ዋናው ብልጭታ በየ8 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ጅራት አስከትሎ ነበር። የሰዓት ልዩነቱ ሲሰላ አቅጣጫው ከእኛ 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው በትልቁ የማጄላን ደመና (በጎረቤት ጋላክሲ) ውስጥ ባለ የሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ፣ ቅሪት ላይ አረፈ። በማግስቱና በተከታዮቹ ሳምንታት ከዚያው አቅጣጫ ያነሱ ፍንዳታዎች መጡ። አንድ ጊዜ ፈንድቶ የሚጠፋ ነገር ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ኮከቡ ከፍንዳታው ተርፎ አሁንም እየተሽከረከረ መሆን ነበረበት።

ሌላው ማግኔታር ኤስጂአር 1806−20 ግን ለመታወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1979 የታየው ፍንዳታው መጀመሪያ የተመደበው ከተራ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች ጋር ነበር፤ ከ100 በላይ ፍንዳታዎች ከዚያው አቅጣጫ መምጣታቸው ታውቆ ተደጋጋሚ ምንጭ መሆኑ በጽሑፍ የወጣው በ1987 ነው። በዚያ ዘመን ቦታ መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ለማየት፣ ከላይ የተጠቀሰውን ኤስጂአር 1900+14 መመልከት ይበቃል፦ ስሙ ላይ ያለው 14 የመጀመሪያው ግምት ሲሆን፣ ኮከቡ በትክክል ያለው ግን ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ምት ነው፤ ይህም ኮከቡ በዞረ ቁጥር ጨረሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዱንካን እና ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 የማግኔታርን ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1998 ደግሞ ኩቬሊዮቱና ባልደረቦቿ ኤስጂአር 1806−20 በየ7.47 ሰከንዱ እንደሚዞርና ዙረቱ እየዘገየ መሆኑን ለክተው ከዚህ 800 ትሪሊዮን ጋውስ ያህል መግነጢሳዊ መስክ አወጡ። የምድር መስክ በገጽታዋ ላይ ግማሽ ጋውስ ገደማ ነው። አንድ አጭር ፍንዳታ ውስጥ ይህን ምት ማግኘት አይቻልም፣ ፍንዳታው ከአንድ ዙረት በጣም ያጥራልና። እንደ 1979ኙ ባለ ግዙፍ ፍንዳታ ጅራት ላይ ግን ምቱ በግልጽ ይታያል፤ ያን ጊዜ ስለ ምንጩ ማንነት ክርክር አይኖርም።

የጠያቂው ምላሽ፤ ከ«ሞገድ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሥራ አራት ዲግሪ የሚርቅ ጎረቤት መኖሩን አላሰብሁም ነበር፤ የስሕተት ክባቸው ሰፊ የሆኑትን ለይቼ አወጣቸዋለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን ማንቂያ እንደ አንድ ፍንዳታ ቆጥሬ በወር በወር ብደምር የምንጩን ንቃት በትክክል ያሳያል ብዬ ልተማመንበት እችላለሁ?

መልስ 3፤ ከ«ቀስተ ሰማይ»

አይችሉም፤ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ፌርሚ አንድ ጊዜ ማንቂያው ከተነሣ በኋላ ለ10 ደቂቃ ያህል በዚያው ሁኔታ ይቆያል፤ በዚያ መካከል የሚመጡ ሌሎች ፍንዳታዎች አዲስ ማንቂያ አይፈጥሩም። እርስዎ የሚከታተሉት ምንጭ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 መጨረሻ ላይ ወደ ከፍተኛ ንቃት በገባ ጊዜ፣ በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ላይ ያለው የኤክስ ሬይ ቴሌስኮፕ ናይሰር 20 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ200 በላይ ፍንዳታዎች ቆጥሯል። በማንቂያ ብቻ የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለውን ማዕበል በጥቂት ነጥቦች ይወክለዋል። መፍትሔው በማንቂያ ዝርዝሩ መወሰን ሳይሆን፣ ፌርሚ እያንዳንዱን ፎቶን ከነደረሰበት ሰዓት የሚመዘግብበትን ቀጣይ መረጃ ወስዶ በራስ ፍለጋ መመርመር ነው፤ መረጃው ለማንም ክፍት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የዕይታ ጊዜ አለ። ፌርሚ በዝቅተኛ ምሕዋር ስለሚዞር ከሰማዩ ሲሶ ያህሉን ምድር ትጋርደዋለች፤ ምንጩም በአብዛኛው ዙር ላይ ለተወሰነ ጊዜ ከምድር ጀርባ ይሆናል። በደቡብ አትላንቲክ ላይ የታሰሩ ቅንጣቶች በሚበዙበት አካባቢ ሲያልፍም ዲቴክተሮቹ ይጠፋሉ። ከምድር ርቆ በሚገኘው ዊንድ ላይ ያለው መሣሪያ ኮነስ-ዊንድ እነዚህ ችግሮች የሉበትም፤ ሰማዩን ሁሉ ያለማቋረጥ ያያል፣ ነገር ግን ደካማ ፍንዳታዎችን የመለየት አቅሙ ከፌርሚ ያነሰ ነው። የሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን መቀመጥ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። የማግኔታር ፍንዳታዎች የጉልበት ሥርጭት የምድር መንቀጥቀጥን ይመስላል፤ ትንንሾቹ እጅግ ብዙ፣ ትልልቆቹ ጥቂት ናቸው። ከአንድ ጉልበት በላይ የሆኑት ፍንዳታዎች ብዛት በጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ኃይል መጠን ይቀንሳል ብንል፣ አንድ መሣሪያ የሚያየው ዝቅተኛ ጉልበት በ8 እጥፍ ሲወርድ የሚቆጥረው ብዛት በ4 እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ «በወር ይህን ያህል ፍንዳታ» የሚል ቁጥር ከየትኛው ጉልበት በላይ እንደተቆጠረ ካልተገለጸ ከሌላ ሳተላይት ቁጥር ጋር ሊወዳደር አይችልም።

በላይኛው ጫፍ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2004 ኤስጂአር 1806−20 ግዙፍ ፍንዳታውን ሲለቅቅ የብዙዎቹ ሳተላይቶች ዲቴክተሮች ከአቅማቸው በላይ ተጨናንቀው ዋናውን ብልጭታ በትክክል ሊለኩት አልቻሉም፤ አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላው የምድር የላይኛው አየር እንኳ ተናውጧል። ለልኬቱ ከረዱት አንዱ የሩሲያው ሳተላይት ኮሮናስ-ኤፍ ነበር። በዚያች ቅጽበት ምድር ምንጩን ጋርዳበት ስለነበር ያየው ከጨረቃ ላይ ተንፀባርቆ የመጣውንና በብዙ የደከመውን ጨረር ነው፤ ዲቴክተሩም ስላልተጨናነቀ ከዚያ ነጸብራቅ የመጀመሪያውን ጥንካሬ መልሶ ማስላት ተቻለ።

አንድ ነጥብ ልጨምር፣ የእርስዎን ምንጭ የሚመለከት በመሆኑ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2020 ቻይም እና ስታር2 የተባሉት የሬዲዮ መሣሪያዎች ከእርሱ ሚሊሰከንድ የሚቆይ ኃይለኛ የሬዲዮ ብልጭታ ሲይዙ፣ በህዋ ያሉት ኢንተግራል፣ ኮነስ-ዊንድ፣ አጂሌ እና የቻይናው ኢንሳይት በዚያው ቅጽበት የኤክስ ሬይ ፍንዳታ መዝግበዋል፤ ፍንዳታውም ከምንጩ የተለመዱ ፍንዳታዎች ይልቅ ጉልበተኛ ፎቶኖች የበዙበት ነበር። በሌላ በኩል የቻይናው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ፋስት ምንጩን እያየ ሳለ ፌርሚ የመዘገባቸው 29 ፍንዳታዎች አንዳችም የሬዲዮ ምልክት አልነበራቸውም። ስለዚህ በግራፍዎ ላይ ከጊዜው ጋር የእያንዳንዱን ፍንዳታ የስፔክትረም ጥንካሬ (ጉልበተኛ ፎቶኖች ምን ያህል እንደበዙበት) በቀለም ቢያሳዩ ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ምንጩ ለሳተላይቱ በእርግጥ የታየባቸውን ሰዓታት በመስመር ያስቀምጡ። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የሚሰጠው ያ መስመር ነው፦ ሳተላይቱ እያየ ሳለ ምንም ያልተመዘገበበት ጊዜ መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው ዝቅተኛ ጉልበት በላይ የሆነ ፍንዳታ እንዳልነበረ ያሳያል፤ ባላየበት ጊዜ ያለው ክፍተት ግን ባዶ መረጃ ስለሆነ ከስሌቱ ይውጣ።