ለ120 ካሬ ጊቢ የሚሆን አስተማማኝ የሣር ማጨጃ ማሽን የቱ ነው? (ጅማ)

የጊንጆዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ጊንጆ ነው የምኖረው። ከቤታችን ፊት ለፊት 10 በ12 ሜትር የሆነ ሣር አለን። እስካሁን አንድ ሰውዬ እየመጣ በማጭድ ያጭድልን ነበር፤ ዘንድሮ አገሩ ገባ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግንቦት ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ያሳጨድኩት ሣር በሳምንቱ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ይጠብቀኛል። ባለፈው ልጄ ኳሷን ልትፈልግ ገብታ እንቁራሪት ይዛ ወጣች።

ስለዚህ ከኋላ ሆኜ እየገፋሁ የማጭድበት ማሽን ልገዛ ነው። ቤንዚን ይሻላል? ኤሌክትሪክ? ወይስ ሞተር የሌለው? አሜሪካ ያለችው እህቴ «ባለባትሪ ልላክልሽ» እያለች ነው። የምገፋው እኔው ነኝ። ባለቤቴ ወገቡን ያመዋል (ሣር ሲነሳ ብቻ ነው የሚያመው፣ ግን ይሁን)።

የቆጪ ልጅ፦
ፍየል ግዢ። ቤንዚን አትጠጣም፣ መለዋወጫም አትፈልግም።

የጊንጆዋ፦
ጽጌረዳዬን ጨርሳ ነው ወደ ሣሩ የምትመጣው።

ካንዴላ፦
እህቴ፣ እኔ መካኒክ ነኝ። ጄነሬተርና የውሃ ፓምፕ ነው የምሠራው፤ አልፎ አልፎ ሣር ማጨጃም ይመጣልኛል። ከማሽኑ በፊት ሞተሩን ምረጪ። ቀለሙ፣ ጎማው፣ እጀታው ላይ ያለው ጌጥ አያታልሽ። ባለ4 ስትሮክ ይሁን፤ ማለትም ዘይቱ ለብቻው፣ ቤንዚኑ ለብቻው የሚገባ። ሞተሩ ላይ ሆንዳ ወይም ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሚል ካገኘሽ፣ በደንብ የተያዘ ከሆነ ያገለገለም ቢሆን አዲስ ስሙ ከማይታወቅ ይሻልሻል። የታወቀ ሞተር የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል።

ባለሱቁን አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ነገ ቢላው ወይም የማስነሻው ገመድ ቢበጠስ ከየት ነው የማገኘው?» መልሱ «አይበጠስም» ከሆነ አመስግነሽ ውጪ። ለአንዲት ቢላ ብለሽ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ሰው ስትልኪ ነው የሚገባሽ።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ አቅሙን ያጣል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት እዚህ ሲደርስ ወደ አምስተኛው እጅ የሚጠጋ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በጣም ትንሿን አትግዢ። ከ125 እስከ 160 ሲሲ ያለው ላንቺ ጊቢ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ራሱ የሚሄደውን ግን ተዪው። ለ120 ካሬ ቺንጋና ማርሽ መጨመር የሚበላሽ ነገር መጨመር ነው።

አባ ሰርዶ፦
ካንዴላ፣ ወንድሜ፣ ሞተሩ ላይ ቸኮልክ። መጀመሪያ ሣሩ ምን ዓይነት ነው ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። እኔ አትክልተኛ ነኝ፤ ብዙ ጊቢ አይቻለሁ።

እህቴ፣ ሣሩ ሰርዶ ከሆነ (በኦሮምኛ ጮቆርሳ የምንለው) ሞተር የሌለው ይበቃሻል። እሱ እየተንከባለለ እንደ መቀስ ነው የሚቆርጠው። ድምፅ የለው፣ ቤንዚን የለው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ችላ ከተባለ ያኮርፋል። በየአምስት ስድስት ቀኑ ካልተገፋ ሣሩ ይረዝምና ከመቆረጥ ይልቅ ከሥሩ ይተኛል።

ኪኩዩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኪኩዩ ማለት ያ ወፍራሙ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ እንደ ፍራሽ የሚደራረበው ሣር ነው። እሱ ላይ ባለመንከባለያውን ስትገፊው የባለቤትሽ የወገብ ሕመም ወዳንቺ ይዞራል።

የጊንጆዋ፦
ስትረግጠው እንደ ስፖንጅ ነው። አንዱን ጫፍ ብስበው ሌላኛው ጫፍ ጎረቤት ጋ ይነቃነቃል።

አባ ሰርዶ፦
ኪኩዩ ነው። ካንዴላ አሸንፏል፣ ሞተር ያስፈልግሻል። በነገራችን ላይ አሁን ቁርጭምጭሚት ካለፈ በአንድ ጊዜ አታውርጂው። በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ከተቆረጠ ሣሩ ይጎዳል፣ ይገረጣል፤ ማሽኑም ይታነቃል። የመጀመሪያውን ዙር በማጭድ አሳጭጂ፤ ከዚያ ማሽኑን ከፍ አድርገሽ ጀምሪ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረግሽ ሂጂ። 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርሺ ተይው።

ቦሳ ቂጦ ነዋሪ፦
ስለ እህትሽ ስጦታ ልናገር፤ እኔ ተበልቼበታለሁ። የወንድሜ ልጅ ከአሜሪካ በገመድ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጨጃ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አንዴ ጮኸ፣ ጨሰ፣ አለቀ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ማሽኑ ምን አጠፋ? ጀርባውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ባለባትሪውም ጣጣ አለው። ቻርጀሩ ለዚያው ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባው ላይ ምን እንደሚል ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ሁለተኛ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም። ባለ40 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 200 ዋት ሰዓት ነው። ኤርፖርት ላይ ባትሪውን ያስቀሩባትና ባዶውን ማሽን ይዛልሽ ትመጣለች።

ኬብል፦
ኤሌክትሪክን እንዲሁ አትጣሉት። ለ120 ካሬ ከ1,300 እስከ 1,600 ዋት የሆነ፣ እዚሁ የተገዛ ባለ220 ቮልት በቂ ነው። ቀላል ነው፣ ዘይት አይፈልግም፣ ቁልፉን ተጭነሽ መሄድ ነው። በማደያ ሰልፍና በጀሪካን ቅዳልኝ አልቀዳም ጭቅጭቅም የለውም።

ከገዛሽ ግን ገመዱ ላይ አትቆጥቢ። ቀጭን ማራዘሚያ ይግላል፣ ሞተሩንም ያደክመዋል። ከ20 ሜትር በላይ ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግዢ፤ ጥቅልሉንም ሙሉ በሙሉ ፈትተሽ ተጠቀሚ። አጨዳውን ከሶኬቱ አጠገብ ጀምረሽ እየራቅሽ ሂጂ፤ ገመዱ ሁሌ ካጨድሽው በኩል ይሆናል፣ አትቆርጪውም። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጥ ባለ30 ሚሊ አምፔር መከላከያም ቆጣሪው አጠገብ አስገጥሚ። እርጥብ ሣር ላይ ግን በፍጹም።

ካንዴላ፦
የመጨረሻዋ ቃልህ ክርክሩን ጨረሰችው። ጅማ በክረምት ሣሩ መቼ ይደርቅልሃል? ደረቀ ስትል ደግሞ መብራት ይሄዳል።

ኬብል፦
😂 እሱስ ልክ ነህ።

እማማ ጀበና፦
ልጆቼ፣ ስለ ማሽን አላውቅም። ግን የታጨደውን ሣር ምን ልታደርጊው ነው? የእኔ ጎረቤት ከማሽኑ የወጣውን ሣር በጆንያ ሞልቶ ለጋሪ ፈረስ ሰጠ። ፈረሱ ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው፣ ሲንከባለል አደረ። እግዜር ይስጠው ሐኪም ደርሶ ተረፈ። በማጭድ የታጨደ ሌላ፣ በማሽን የደቀቀ ሌላ።

አባ ሰርዶ፦
እማማ እውነታቸውን ነው። ማሽን ያደቀቀው ሣር ተጠቅጥቆ ሲቀመጥ ቶሎ ይግላል፣ ይብላላል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም፤ ሆዱ ውስጥ ጋዝ ሲሠራ መውጫ የለውም። ስስ አድርገሽ የቡናው ወይም የእንሰቱ ሥር በትኚው፤ ለእነሱ ሲሳይ ነው።

የጊንጆዋ፦
እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እኔም ለጋሪው ሰውዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ካንዴላ፣ እሺ ቤንዚን ይሁን። ስፋቱስ? ብረት ነው ፕላስቲክ? አያያዙስ?

ካንዴላ፦
ስፋት 40 ወይም 46 ሴንቲ ሜትር። ሂሳቡን ሥሪው፦ በየመስመሩ ትንሽ እየተደራረበ 35 ሴንቲ ሜትር ብታጭጂ፣ 12 ሜትሩን ለመጨረስ 34 ወይም 35 ጊዜ መመላለስ ነው። እያንዳንዱ 10 ሜትር ነው። ቢበዛ 350 ሜትር ተራመድሽ፤ ከነመዞሪያው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለዚህ ትልቅ ማሽን ምን ያደርግልሻል?

የኋላ ጎማው ትልቅ ይሁን። ቀይ አፈራችን ዝናብ ሲጠግብ ትንሽ ጎማ ይውጣል። የቢላው ክዳን ላሜራ ከሆነ እርጥብ ሣር ተለጥፎበት እንዳያድር፣ በአንድ ክረምት ይበላዋል። ከሥራ በኋላ በእንጨት ፋቂው፣ ጥረጊው። ስትፍቂ ግን መጀመሪያ የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ገመድ ንቀዪ። ይህን ስቀልድ አይደለም። ሞተሩ ቢጠፋም ቢላውን በእጅ ስታዞሪው ሊነሳ ይችላል፤ ጣት አይተርፍም። ስታጋድዪው ደግሞ የአየር ፊልትሮው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ዘይት ይገባበታል።

ከማጨድሽ በፊት ጊቢውን ዞረሽ ጠጠር፣ ሚስማር፣ ቆርኪ ልቀሚ። ልጅሽ ቤት ትግባ። ነጠላ ጫማ አድርገሽ እንዳትገፊ። ቢላው ሲደንዝ ሣሩን ይቦጭቀዋል፣ ጫፉ ነጭ ይሆናል፤ ያኔ ቡሎኑን ፈትተሽ በሞረድ አሹይው። ከዚያ መሐሉን ሚስማር ላይ ስቀዪው። አንድ ወገን ካዘነበለ ያንን ወገን ትንሽ ጨምረሽ ሞርጂ፤ ካልሆነ ማሽኑ ይንቀጠቀጥና የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል።

ዘይቱን በመጀመሪያው 5 ሰዓት ሥራ ቀይሪ፣ ከዚያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ። አንቺ በዓመት 10 ሰዓትም ላትሞዪ ትችያለሽ፤ ስለዚህ ባይቆሽሽም በየዓመቱ ቀይሪ። በጋ ሲገባ ቤንዚኑን ታንክ ውስጥ አታሳድሪ። ከወር በላይ የቆየ ቤንዚን ይበላሽና ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። ለእኔ ከሚመጡት ማሽኖች ግማሹ በሽታቸው ይኸው ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲስ ማሽን ብዙውን ጊዜ ዘይት ሳይኖረው ነው ከካርቶን የሚወጣው። አንድ ደንበኛዬ በደስታ ቤንዚን ብቻ ሞልቶ አስነሳው። ጥቂት ደቂቃ ሠራ፣ ከዚያ ሞተሩ ነከሰ፤ ተጣብቆ ቀረ። ካርቶኑ ገና ሳሎኑ ውስጥ ነበር።

የጊንጆዋ (ከአሥር ቀን በኋላ)፦
ተገዛ! ባለ46 ሴንቲ ሜትር፣ የሚገፋ፣ ሞተሩ ካልከኝ አንዱ። ሁለት ሱቅ «አይበላሽም» ብለውኝ ወጣሁ። ሦስተኛው ትርፍ ቢላና ካንዴላ መደርደሪያው ላይ አሳየኝ፤ ሁለቱንም አብሬ ገዛሁ። የመጀመሪያው ዙር በማጭድ ታጭዷል።

ባለቤቴ ማሽኑን ሲያይ ወገቡ ድኖ «እስቲ እኔ ላስነሳው» ብሎ የማስነሻውን ገመድ ይዟል። «ዘይት ጨምረሃል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልጨመረም።