መንገድ ላይ ለፍተሻ ስትቆሙ፦ ከወሎ ሄዳችሁ አሜሪካ ከባድ መኪና ለምትነዱ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳው የመርሳው ወንድማችን «መንገድ ላይ አስቁመው መኪናዬን አገዱብኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችሁ «አብሽር፣ ያልፋል» ብላችሁታል። ማጽናናቱ ደግ ነው። ልጁን የሚጠቅመው ግን የፍተሻውን አሠራር ማወቅ ነው። እኔ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ በሚወጣው የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ስነዳ ኖሬ ነው አሜሪካ የገባሁት፤ እዚያም በዚሁ ሙያ ነው የምተዳደረው። አሁን ዘመድ ጥየቃ መጥቼ ኮምቦልቻ ነኝ። ዲቪ የደረሳቸው ሾፌሮችም ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ ለሁላችሁም እንዲሆን አድርጌ ልጻፈው።

እኛ አገር ኬላ ላይ መቆም የሰውና የሰው ጉዳይ ነው። ሰላምታ እንሰጣለን፣ ሊብሬና ቦሎ እናሳያለን፣ የጎደለ ነገር ካለ «የዛሬን እለፈኝ ወንድሜ» እንላለን፤ ጋቢና ውስጥ ትልቅ ሰው ካለም እሱ ይለምንልናል። እዚያ ይህ አይሠራም። መርማሪው ያየውን በኮምፒውተር ይመዘግባል፣ ወረቀቱን ይሰጣችኋል፣ አለቀ። ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ በኋላ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ መንገድ ዳር መሟገት ግን ትርፉ ድካም ነው። ገንዘብ መስጠትን እንኳን ልታደርጉት አታስቡት። ከባድ ወንጀል ነው፤ ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል።

ፍተሻው ደረጃ ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ ሙሉው ሲሆን 37 እርምጃዎች አሉት፤ መርማሪው መኪናው ሥር ገብቶ ያያል። ሁለተኛው ዙሪያውን አይቶ ሥር ሳይገባ የሚያልፈው ነው። ሦስተኛው ወረቀት ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃድ፣ የሕክምና ማረጋገጫና የሥራ ሰዓት መዝገብ ይታያል። በየዓመቱም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ወር፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በአንድ ላይ ለ72 ሰዓት የሚያካሂዱት ዘመቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ትኩረቱ ጎማና የሥራ ሰዓት ነበር።

መኪና ከሚያስቆሙት ነገሮች ዋናው ፍሬን ነው። እዚህ ላይ የወሎ ሾፌር ከማንም አያንስም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1900 ሜትር በታች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያንን ቁልቁለት ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ የወረደ ሰው ፍሬን ሲግል ገና ከሽታው ያውቀዋል። ግን መርማሪው ችሎታችሁን አይለካም። የሚለካው ፍሬን ሲያዝ መግፊያ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚወጣ ነው። አምስት አክስል ያለው መኪና ከነተሳቢው 10 ፍሬን አለው፤ ከእነዚህ ሁለቱ ጉድለት ከተገኘባቸው 20 በመቶ ስለሚሆን መኪናው እስኪጠገን ድረስ ንቅንቅ አይልም። የመርሳው ልጅም የገጠመው ይኸው ይመስለኛል፤ «ፍሬኑ ይይዝ ነበር» ብሏልና። መያዙ አይበቃም፤ ዘንጉ ልኩን ማለፍ የለበትም። የጎማ ጥርስም እንደዚሁ ነው፦ የፊቶቹ ቢያንስ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ የቀሩት 1.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል።

ከእኛ አገር የሄደ ሾፌር የሚቸገርበት ሌላው ነገር ረዳት አለመኖሩ ነው። እዚህ ጎማ የሚያንኳኳው፣ ሸራ የሚወጥረው፣ ዘይትና ውሃ የሚያየው፣ ቁልቁለት ላይ ታኮ ይዞ የሚዘለው ረዳቱ ነው። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል። እዚያ የረዳቱም ሥራ የእናንተ ነው። ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት መኪናውን መዞር፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ የአየር ቱቦውን፣ የጭነቱን ማሰሪያ በእጃችሁ መንካት ግዴታ ነው፤ ማታም ያያችሁትን ጉድለት በጽሑፍ ማሳወቅ አለ። ይህን ሥራ እንደ ውርደት የሚያይ የአገሬ ሾፌር አይቼ አዝኛለሁ። በእውነት እላችኋለሁ፣ እዚህም ብንለምደው ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ቦሎ መለጠፉ ፍሬኑ ዛሬ ጠዋት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሰዓት ልመለስ። ጭነት የያዘ ሾፌር በተከታታይ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመረበት በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ነው። 8 ሰዓት ከነዳ የ30 ደቂቃ እረፍት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው መኪና ይህንን የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስላለው እንደ ድሮው በእጅ የሚስተካከል ነገር የለም።

እረፍትና እንቅልፍ ካነሣን ጫትን ማለፍ አልችልም። በወሎ ጫት ከዱዓው፣ ከጨዋታው፣ ከእንግዳ አቀባበሉ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የማንንም ወግ አላንኳስስም። በጅቡቲ መስመርም ስንቱ ሾፌር ሌሊቱን የሚገፋው በእሱ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። «ደረቅ ነው፣ ትንሽ ነው፣ የላከልኝ ዘመድ ነው» ማለት አያድንም። መኪና ውስጥ ከተገኘ መንጃ ፈቃዱም መኖሪያውም አደጋ ላይ ነው። እባካችሁ፣ እናቶችም ለልጆቻችሁ አትላኩ።

ነዳጅን በተመለከተ ወጣቶቹ ፈጽሞ የማያውቁት ነገር አለ። እዚህ ማደያው ሰልፍ ሲሆን ወይም ናፍጣ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን መግዛት ለምዶብናል። እዚያ ለትራክተርና ለግንባታ ማሽን የሚሸጥ፣ የመንገድ ቀረጥ ያልተከፈለበት ናፍጣ አለ፤ እንዲለይ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ለአውራ ጎዳና መኪና ክልክል ነው። መርማሪ ከታንከሩ በቱቦ ስቦ ሊያየው ይችላል፤ ጥቂት ቅሪትም ቢሆን ይታያል። ቅጣቱ 1000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ሆኖ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ 200 ጋሎን ቢሆን 2000 ዶላር ማለት ነው። ሲደገም ይጨምራል። አላስፈትሽም ማለት ራሱ 1000 ዶላር ያስቀጣል። ስለዚህ ገጠር ስትጭኑ «ከእርሻው ታንክ ልቅዳልህ፣ ርካሽ ነው» የሚላችሁ ሰው ቢገጥማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። የራሳችሁን መኪና የምትነዱ ደግሞ የማደያ ደረሰኝ አትጣሉ። የነዳጅ ቀረጡ በየግዛቱ በተነዳው ርቀት እየተከፋፈለ በየሩብ ዓመቱ ይታሰባል፤ ሰነዱም አራት ዓመት መቀመጥ አለበት።

ከደሴ የጻፈችው እህታችን፣ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ያሰበው ሾፌር ባሏ እንግሊዝኛው እንዳያስቸግረው ሠግታ ጠይቃ ነበር። ሥጋቷ ትክክል ነው። ሾፌር እንግሊዝኛ መናገርና የመንገድ ምልክት ማንበብ አለበት የሚለው ሕግ የቆየ ቢሆንም ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ ያልቻለ ሾፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። በቃለ መጠይቁ አስተርጓሚም ሆነ የስልክ ትርጉም አይፈቀድም። ስለዚህ ከአገር ሳይወጣ ይጀምር። ከየት ተነሣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፤ እነዚህን ደጋግሞ በአፉ ይናገር፤ በጽሑፍ ማወቁ ብቻ አያወጣውም። አንቺም ማታ ማታ ጠያቂ ሁኝለት፤ የምልክቶቹን ሥዕል ከስልክ አውጥታችሁ ተጠያየቁ።

የመርሳው ወንድሜ፣ የተሰጠህን ወረቀት ቤት አታስቀምጠው። በ24 ሰዓት ውስጥ ለድርጅትህ ማድረስ አለብህ፤ እነሱም ጥገናውን ፈርመው በ15 ቀን ይመልሳሉ። የፍተሻ ታሪክህ ለሦስት ዓመት ለሚቀጥሩህ ድርጅቶች ይታያል፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያንተ ጥፋት የተባለውና የመኪናው የተባለው ተለይቶ እንደሆነ እይ።

«ፍሬኑ እንደላላ ነግሬያቸው ነበር፣ ዝም ብለህ ንዳ አሉኝ» ያልከው ግን እጅግ አሳዝኖኛል። የአገር ልጅ የሆነ አለቃ፣ ያስጠጋን ሰው፣ እንዲህ ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሕጉ ግን ከአንተ ጋር ነው። አደገኛ መኪና አልነዳም ያለን ሾፌር ማባረርም ሆነ ደመወዙን መቀነስ የተከለከለ ነው፤ ከተደረገብህ በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላለህ። ያወራችሁትን መልእክት ከስልክህ አታጥፋ። ከዛሬ ጀምሮ ጉድለት ስትነግራቸው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ቀንና ሰዓት ይኑረው። ወረቀቱን ስምህንና ቁጥሮቹን ሸፍነህ ብትልክልኝ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን፤ እዚህ ኮምቦልቻ ማታ ማታ ኔትወርኩ ደህና ነው።